አዲስ ሽጉጥ ከካርቶኑ ሲወጣ፦ አጸዳዱ፣ የዘይት አቀባቡና የቅቡ አጠባበቅ

ፋብሪካ ሽጉጥን ዘይት ቀብቶ የሚልከው ለመተኮስ እንዲመች ብሎ ሳይሆን፣ በመጋዘንና በጉዞ ላይ በሚያሳልፋቸው ወራት እንዳይዝግ ነው። ይህ የመከላከያ ዘይት ብዙውን ጊዜ ወፈር ያለ ስለሆነ፣ ከማምረቻው የቀረ የብረት ብናኝና ከካርቶኑ የተነሣ አቧራ ይዞ ይቆያል፤ በርሜሉ ውስጥ፣ ጥይት መጉረሻው ውስጥና ጥይቱን በሚመታው መርፌ ዙሪያም ይገኛል። በዚሁ ሁኔታ የተተኮሰ ሽጉጥ ሁሉ ይበላሻል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ሲተኮሱ የሚያጋጥመው መንቀራፈፍና መንከስ ብዙ ጊዜ የመሣሪያው ጉድለት ሳይሆን የዚህ ቅባት ውጤት ነው። ስለዚህ አዲስ ሽጉጥ በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት ፈትቶ ሊያጸዳውና በአግባቡ ዘይት ሊቀባው ይገባል።

ይሁን እንጂ አዲስ መሣሪያ የሚጎዳው ባለቤቱ ችላ ሲለው ብቻ አይደለም። አብዝቶ ከመውደድም ይጎዳል። እስኪንጠባጠብ ድረስ በዘይት የሚነከር፣ «እንዲያበራ» ተብሎ በሻካራ ነገር የሚፈተግ፣ ምንነቱ ባልታወቀ ፈሳሽ የሚታጠብ ሽጉጥ ጥቂት አይደለም፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በዓመት ውስጥ ቅባቸው፣ ማለትም የብረቱ የላይ ልባስ፣ ተገፎ ከሃያ ዓመት ካገለገለ የጥበቃ መሣሪያ የባሰ መልክ ይይዛሉ። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ቆሻሻውን ጨርሶ ማስወገድን፣ ዘይትን በጥቂቱና በቦታው ብቻ ማድረግን፣ ቅቡን ደግሞ አለመፈተግን የተከተለ ነው። የአምራቹ መመሪያ ከዚህ ጽሑፍ የተለየ ነገር ካዘዘ የአምራቹ ይቅደም።

ከሁሉ በፊት መሣሪያው ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበትና ጥይትን ሊያስቀር ወደሚችል አቅጣጫ አዙረው፣ ጣትዎን ከቃታው አርቀው፣ በመጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፤ ቀጥለው ስላይዱን (በርሜሉን ከላይ የሸፈነውን ተንሸራታች ብረት) ወደ ኋላ ስበው ይያዙና መጉረሻውን በዓይንዎ ይመልከቱ፣ በትንሽ ጣትዎም ዳስሰው ያረጋግጡ። ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይገባም፤ ካዝናው ሳይወጣ ስላይዱን የሳበ ሰው የጎረሰውን ጥይት አስወጥቶ ሌላ ያጎርሳል፣ ከዚያም «አውጥቻለሁ» ብሎ ይዘናጋል። ይህ ጥንቃቄ ለታይታ አይደለም፤ ግሎክን የመሳሰሉ ሽጉጦች ስላይዳቸው የሚወርደው ቃታው ከተሳበ በኋላ ስለሆነ፣ ለጽዳት ብሎ ቃታ የሳበ ሰው የጎረሰ ጥይት ካለ መተኮሱ ነው። ጥይቱ በሙሉ፣ የካዝናውንም ጨምሮ፣ ጽዳቱ ከሚካሄድበት ክፍል ወጥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ልጆችም በአካባቢው አይኑሩ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ከበርሜሉ ስፋት ጋር የሚመጣጠን የናስ ወይም የነሐስ ብሩሽ፣ መወልወያ ዘንግ፣ ከአሮጌ የጥጥ ካናቴራ የተቆረጡ ትናንሽ ጨርቆች፣ ያገለገለ የጥርስ ብሩሽ፣ የጆሮ ጥጥ፣ ለጦር መሣሪያ ተብሎ የተዘጋጀ ማጽጃ ፈሳሽና ቀጭን የመሣሪያ ዘይት በቂ ናቸው። ሞላ ሲፈናጠር ዓይን እንዳይመታ መነጽር ማድረግ፣ ከተቻለም ስስ የላስቲክ ጓንት መልበስ ይመከራል። የብረት ብሩሽ ግን በርሜል ውስጥ አይግባ፤ ብረት ብረትን ይጭራል፣ ናስና ነሐስ ግን ከበርሜሉ ስለሚለሰልሱ ራሳቸው ይበላሉ እንጂ አይጎዱትም።

በአገራችን የመሣሪያ ማጽጃ ፈሳሽ እንደልብ ስለማይገኝ ሰው በእጁ ያለውን መጠቀሙ የተለመደ ነው፤ የትኛው እንደሚሆንና የትኛው እንደማይሆን መለየት ግን ያስፈልጋል። ነጭ ጋዝ የፋብሪካ ግራሶን አሳምሮ ያሟሟል፤ እሳት በሌለበትና ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ ለብረት ክፍሎች ብቻ፣ ጨርቅ ነክሮ መጠቀም ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ተጠርጎ መድረቅና ወዲያው ዘይት መቀባት አለበት፤ ምክንያቱም ቅባቱ ሁሉ የወጣለት ብረት ለዝገት ክፍት ነው። ቤንዚን በፍጹም አይነካ፤ ትነቱ ከሩቅ እሳት ይጠራል፣ ለጤናም መርዝ ነው። የፍሬን ማጽጃና አሴቶን ብረቱን ባይጎዱም የፕላስቲክ አካልን፣ የእንጨት እጀታን፣ በአልሞ ማነጣጠሪያው ላይ ያለውን ቀለም ሊያበላሹ ይችላሉ። ለመቀባት ደግሞ ቀጭን የሞተር ዘይት ለችግር ጊዜ ያገለግላል። የምግብ ዘይት ግን ከአየር ጋር እየተዋሐደ ወደ ሙጫነት ስለሚቀየር፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ስላይዱን የሚያጣብቅ ቡናማ ልባስ ይሆናል። ደብሊው ዲ 40ን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው እንደ ዘይት ቢቆጥረውም በ1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ውሃን ለማባረር ነው፤ ዝናብ የመታውን መሣሪያ ለማድረቅ ይጠቅማል፣ ለረጅም ጊዜ ማለስለሻ ግን አይሆንም።

አፈታቱ እንደ መሣሪያው ይለያያል። በአገራችን እጅግ በሚታወቀው ማካሮቭ ላይ፣ ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ተኩስ የሚያግደው መቆለፊያ ወደ ታች ይለቀቃል፤ የቃታው ጠባቂ ቀለበት ፊቱ ወደ ታች ተስቦ በትንሹ ወደ ጎን ይደገፋል፤ ስላይዱ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቦ የኋላ ጫፉ ወደ ላይ ይነሣና በሞላው ኃይል ሳይለቀቅ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይወጣል። በበርሜሉ ላይ የተጠለቀው ሞላ አንዱ ጫፉ ጠበብ ያለ መሆኑን ያስተውሉ፤ ሲገጠም ጠባቡ ጫፍ ወደ መጉረሻው በኩል ይመለሳል። በግሎክ ላይ ደግሞ፣ በድጋሚ ባዶነቱ ታይቶ፣ ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ ቃታው ይሳባል፤ ስላይዱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ኋላ ተስቦ ሳለ በሁለቱም ጎን ያሉት ትናንሽ መቆለፊያዎች ወደ ታች ይሳቡና ስላይዱ ወደ ፊት ይወጣል፤ ከዚያ ሞላውና በርሜሉ ይነሣሉ። ለመደበኛ ጽዳት ከዚህ በላይ መፍታት አያስፈልግም። መርፌውን፣ የቃታውን አሠራርና ትናንሽ ሞላዎችን መፍታት የባለሙያ ሥራ ነው፤ አንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ፒን ድረስ የሚፈታው ከፍላጎቱ ብዛት ነው እንጂ መሣሪያው ስለሚጠይቀው አይደለም።

በርሜሉን የሚያጸዱት ከመጉረሻው በኩል ወደ አፈሙዙ አቅጣጫ ነው፤ ጥይቱ የሚጓዝበት አቅጣጫ ይኸው ነው፣ ቆሻሻውም ወደ አሠራሩ አይመለስም። ጨርቅ በማጽጃ ፈሳሽ ነክረው አንድ ጊዜ ያሳልፉና 10 ደቂቃ ያህል ይተዉት፤ ከዚያ ብሩሹን ደጋግመው ያመላልሱ፤ ብሩሹ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ካልሆነ በስተቀር መሐል ላይ አይገለበጥ፣ ጠጉሩ ይሰበራልና። ቀጥሎ ደረቅ ጨርቅ፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። አዲስ በርሜል ላይ የሚወጣው ባብዛኛው ግራጫ ወይም ቡናማ ቅባት ስለሆነ ሥራው ፈጣን ነው። ዘንጉ የአፈሙዙን ጠርዝ እንዳይፍቅ ይጠንቀቁ፤ ጥይቱ ከበርሜሉ ሲለቅ የመጨረሻ የሚነካው ያ ጠርዝ በአንድ በኩል ከተበላ፣ የተኩሱ ትክክለኛነት ይዛባል፣ የሚታየው ጭረት ግን ጥፍር የማይይዘው ያህል ሊሆን ይችላል።

ስላይዱ ውስጥ የጥርስ ብሩሹ ይሠራል። ጥይቱ የሚደገፍበትን ግድግዳ፣ ቀለሁን ስቦ የሚያወጣውን ጥፍር ሥርና የስላይዱን ሐዲዶች ያጽዱ፤ ይህን ሲያደርጉ ስላይዱ አፈሙዝ ወደ ታች ሆኖ ይያዝ፣ ፈሳሹ በመርፌው ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ እንዳይፈስ። የግሎክ ባለቤት ስላይዱን ሲገለብጥ የመዳብ መልክ ያለው ወፍራም ቅባት ያገኛል። ቆሻሻ አይደለም፤ አምራቹ ስላይዱ ከአካሉ ጋር እስኪላመድ ድረስ እንዲያገለግል ሆን ብሎ ያደረገው ነውና መመሪያው እንዳይነሣ ያዝዛል። ከፊሉ በራሱ እየወጣ ይሄዳል። አካሉ የፕላስቲክ ከሆነ በደረቅ ወይም በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። ካዝናውን ለማጽዳት ውስጡን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ነው እንጂ ዘይት የለም፤ ካዝና ውስጥ የገባ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ጊዜ ሲያገኝም ወደ ጥይቱ መለኮሻ ሰርጎ ጥይቱን ያከሽፈዋል።

ወደ ዘይቱ ስንመጣ፣ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ሳይሆን በቦታው ነው ቢባል ይቀላል፤ ቦታውን የለየ ሰው ብዙ የሚቀባበት ምክንያት አይኖረውም። ዘይት የሚያስፈልገው ብረት ከብረት ጋር በሚፋተግበት ቦታ ብቻ ነው፤ የት እንደሆነም መሣሪያው ራሱ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ያሳያል፣ ቅቡ ፈግጎ የሚያብለጨልጭ መስመር በሚታይበት ሁሉ። በአብዛኛው ዘመናዊ ሽጉጥ ላይ እነዚህ ቦታዎች የስላይዱና የአካሉ ሐዲዶች፣ ከስላይዱ ጋር የሚገናኘው የበርሜሉ የላይ ጀርባ፣ በአፈሙዙ አጠገብ ያለው የበርሜሉ ውጫዊ ክፍልና በርሜሉ ሲቆለፍና ሲለቀቅ የሚደገፍበት የታችኛው ክፍል ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ ጠብ አድርገው በጣት ያዳርሱ። በግሎክ ላይ ከእነዚህ በተጨማሪ የቃታው ዘንግ ከኋላ በኩል ከመገናኛው ቅጠል ጋር የሚነካካበት ቀኝ ጥግ አንድ ጠብታ ይፈልጋል፤ ትንሽ ቦታ ናት፣ ደረቅ ስትሆን ግን ቃታውን ታሻክራለች። በማካሮቭ ላይ በርሜሉ ከአካሉ ጋር የተጣበቀና የማይንቀሳቀስ ስለሆነ፣ ዘይቱ የሚያስፈልገው በሐዲዶቹ፣ በበርሜሉ ውጫዊ ገላና በመዶሻው ማዞሪያ ዙሪያ ነው።

ዘይት የማይነካቸው ቦታዎችም በዚያው ልክ ይታወቁ፦ የመርፌው ቀዳዳ፣ ጥይቱ የሚደገፍበት ግድግዳ፣ መጉረሻውና ካዝናው። በመርፌው ቦይ ውስጥ የቀረ ዘይት ያልተቃጠለ ባሩድና አቧራ ይዞ ይጋገራል፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ ይወፍራል፣ መርፌው እየዘገየ ስለሚመታ ጥይቱ ሳይተኮስ ይቀራል። ሚኒሶታና ኮሎራዶ ክረምት ላይ ለሚኖር ወገናችን ይህ ተራ ነገር አይደለም። በመጨረሻ ሁሉም ተጠርጎ ሲያዝ ጣት ላይ ስስ የቅባት ስሜት ብቻ ይቀር። ስላይዱ ተገጥሞ በተደጋጋሚ ሲሳብ ከጎኑ የሚወጣ ዘይት ካለ፣ በዝቷል ማለት ነውና ይጠረግ።

አሁን ወደ ቅቡ። ሽጉጡ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ሁሉም አንድ ዓይነት ቅብ አለው ማለት አይደለም፤ ጥበቃውም በዓይነቱ ይለያያል። በተለምዶ ጥቁር ሰማያዊ የሚመስለው የቆየው ቅብ በእርግጥ ቀለም ሳይሆን፣ ብረቱ በሞቀ የጨው መፍትሔ ውስጥ ተነክሮ በገዛ ገላው ላይ ያበቀለው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ነው። ውፍረቱ ከጥቂት ማይክሮን አይበልጥም፤ ቀዳዳዎቹ ዘይት ካልያዙ ብቻውን ዝገትን እምብዛም አይመክትም። የሶቪየት ማካሮቭ ቅቡ ይኸው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሊያስታውስ የሚገባው፣ በዚህ ቅብ ላይ ጥበቃውን የሚሰጠው ዘይቱ እንጂ ጥቁረቱ አለመሆኑን ነው። ፎስፌት የተባለው ፈዘዝ ያለና ሻካራ ቅብ ከዚህ ይልቅ ዘይትን ስለሚመጥ የተሻለ ይጠብቃል፣ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ በደንብ ዘይት ሊጠጣ ይገባል። በናይትሮጅን የጠነከረ ብረት፣ እንደ ግሎክ ስላይድ ያለው፣ ጥንካሬው በላዩ ላይ ሳይሆን በብረቱ ገላ ውስጥ ስለሆነ፣ የላዩ ጥቁረት ቢፈግግም ጥበቃው በአብዛኛው ይቆያል። ኒኬል የተለበጠ ሽጉጥ ደግሞ አሞኒያ ያለበት የመዳብ ማስለቀቂያ ፈሳሽ አይነካው፤ ከኒኬሉ ሥር መዳብ ካለ ፈሳሹ በጭረቱ ገብቶ መዳቡን ይበላና ልብጡ እንደ ቅርፊት ይነሣል። የማይዝግ ብረት የሚባለውም እንደ ስሙ አይደለም፤ ቢያንስ 10.5 ከመቶ ክሮም ስላለው ዝገቱ የሚዘገይ ነው እንጂ፣ ጨውና ላብ በቆዩበት ቦታ ነጠብጣብ ያወጣል።

ቅብን የሚያጠፋው ተኩስ አይደለም፤ ላብ፣ ርጥበትና ማኅደር ናቸው። ላብ ጨው አለው፤ ጨው ርጥበትን ከአየር ይጠራል። ጥቁር ቅብ ባለው ሽጉጥ ላይ የተተወ የጣት አሻራ፣ በሐምሌ ርጥበት ወይም በጂዳና በዱባይ የባሕር ዳርቻ አየር፣ በቀናት ውስጥ በዚያው በአሻራው መልክ ቡናማ መስመሮች ሊያወጣ ይችላል፤ መስመሩ የአውራ ጣት ክብ ቅርጹን ሳይቀር ይይዛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሽጉጡ በእጅ በተያዘ ቁጥር ከመቀመጡ በፊት ዘይት በነካው የጥጥ ጨርቅ ውጫዊው ገላ በሙሉ ይጠረግ። ጨርቁ የሚንጠባጠብ ሳይሆን የተነካካ ብቻ ይሁን። ለዚህ አንዲት ጨርቅ በክዳን በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ሙዚየሞች ለብረት ቅርስ የሚጠቀሙበት የማይክሮክሪስታሊን ሰም በስሱ ተቀብቶ ቢወለወል ከዘይት የበለጠ ይቆያል፤ እንደ ዘይት አይፈስም፣ አቧራም አይሰበስብም። የመኪና ሰም አንዳንዱ ውስጡ መፈተጊያ ዱቄት ስላለው አይመረጥም።

የቆዳ ማኅደር ለመያዣ እንጂ ለማከማቻ አልተሠራም። ቆዳው ከተለፋበት ኬሚካል የቀረና ከአየር የወሰደው ርጥበት አብሮት ስለሚኖር፣ በማኅደር ውስጥ ወር ሙሉ የተቀመጠ ሽጉጥ ቆዳው በነካው በኩል ተቀይሮ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይታያል። አዲሱ ሽጉጥ ከፋብሪካ የመጣበት ስፖንጅ የተደረገበት ሳጥንም እንዲሁ ነው፤ ስፖንጅ ርጥበት ይስባል። በፕላስቲክ ማኅደር ላይ ደግሞ ጠላቱ በውስጡ የሚቀረው አሸዋና አቧራ ነው፤ ሽጉጡ በገባና በወጣ ቁጥር አሸዋው እንደ ሞረድ ያገለግላል። ማኅደሩን በየጊዜው ውስጡን መጥረግ ከሽጉጡ ቅብ ዕድሜ ላይ የሚጨምረው ከማንኛውም ውድ ዘይት ይበልጣል።

ቅቡ ላይ ቀላል ዝገት ከታየ በፍጥነት እንጂ በኃይል አይሠራም። ዝገቱ በዘይት ርሶ ለጥቂት ሰዓታት ይተውና በጥጥ ጨርቅ ወይም በናይሎን ብሩሽ በቀስታ ይታሽ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ የአሸዋ ወረቀትና የጥርስ ሳሙና በፍጹም አይጠጉት፤ ዝገቱን ከእነ ቅቡ ያነሡታል። አልለቅ ያለው ባለሙያ ዘንድ ይሂድ። ሙሉ ቅቡን ለማስቀየር የሚፈልግ ሰውም፣ የመሣሪያው መለያ ቁጥር በፈተጋና በቅብ እንዳይደበዝዝ ይጠንቀቅ፤ በኢትዮጵያ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚሰጠው ፈቃድ ከዚህ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነውና፣ የማይነበብ ቁጥር ያለው ሽጉጥ ባለቤቱን ከዝገት የባሰ ጣጣ ውስጥ ያስገባዋል።

አንድ ጉዳይ ከሌላው ሁሉ ለይቶ መነገር አለበት፤ እርሱም አሮጌ የጦር ሠራዊት ጥይት ነው። በቀድሞው ዘመን በምሥራቁ ዓለም የተሠሩ በርካታ ጥይቶች፣ በተለይ የቶካሬቭ 7.62 በ25፣ መለኮሻቸው ፖታሲየም ክሎሬት ስለነበረው ሲተኮሱ በርሜሉ ውስጥ ፖታሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ይተዋሉ። ይህ ጨው በዘይትና በነጭ ጋዝ አይሟሟም። ዘይት ቢቀቡበት ከሥሩ ተደብቆ ይቀመጣል፣ በበነጋውም በርሜሉ ቀልቶ ይገኛል። የሚያሟሟው ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ጥይት የተተኮሰበት በርሜል በዚያው ዕለት በሙቅ ውሃና በጥቂት ሳሙና ታጥቦ፣ በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎና ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ ከዚያ እንደ ወትሮው በማጽጃ ተጸድቶ ዘይት ይቀባ። ሙቅ የተባለው ብረቱ ሞቆ ቶሎ እንዲደርቅ ነው። ለንግድ የሚመረተው የዛሬ ጥይት አብዛኛው ይህ ችግር የለበትም፤ የጥይቱን ዕድሜ የማያውቅ ሰው ግን እንዳለበት ቆጥሮ ቢያጥብ አይጎዳም።

ሽጉጡ ከተገጠመ በኋላ ካዝና ሳይገባበት ስላይዱን ጥቂት ጊዜ ስበው ይልቀቁ፤ ያለ መንቀራፈፍ ወደ ፊት ሊመለስ ይገባል። በአስተማማኝ አቅጣጫ ይዘው ቃታውንና መቆለፊያውን ይፈትሹ፦ ተኩስ የሚያግደው መቆለፊያ ተቆልፎ ሳለ ቃታው መዶሻውን መልቀቅ የለበትም። ከተኩስ በፊት በርሜሉ ውስጥ ለጥበቃ የተቀባው ስስ ዘይት በደረቅ ጨርቅ ይወገድ። ከጽዳት በኋላ እጅ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ የጥይት መለኮሻና እርሳስ የሚተዉት ብናኝ መርዛማ ስለሆነ፣ በጽዳት ጊዜ መብላትም ሆነ ሲጋራ ማጨስ አይገባም፣ የቆሸሹት ጨርቆችም ከምግብ ዕቃ ይራቁ።

ማስቀመጫው የሚቆለፍ፣ ጥይቱም ለብቻው የተቆለፈ ይሁን። በውስጡ ሲሊካ ጄል የሚባለው ርጥበት የሚመጥ ፍሬ ቢኖር ይመረጣል፤ ቀለሙ የሚቀየረው ዓይነት ከሆነ ቀለሙ ሲለወጥ በምድጃ ላይ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት አድርቆ መልሶ መጠቀም ይቻላል። ሽጉጡን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ማሰር ርጥበቱን ውስጥ ያስቀራል እንጂ አያወጣም። ከቀዝቃዛ ውጭ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ሽጉጥም ወዲያው ላብ ይይዘዋልና፣ በመያዣው እንዳለ የቤቱን ሙቀት እስኪላመድ ይተውና ከዚያ ወጥቶ ይጠረግ። ጥቅም ላይ ባይውል እንኳ በደረቁ ወራት በወር አንድ ጊዜ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ወጥቶ፣ ባዶነቱ እንደገና ታይቶ፣ በዘይት ጨርቁ ይጠረግ፤ የበርሜሉም ውስጥ በብርሃን ይታይ።